የሃምሳ አለቃን ቤት ከክረምቱ ላስቀደማችሁልን ሁሉ፦ ከእድራችን የቤት እድሳት ኮሚቴ የቀረበ ምስጋና

በቅድሚያ ሥራውን አስጀምሮ ላስፈጸመን ፈጣሪ ክብርና ምስጋና ይሁን።

የኮሪያ ዘማቹ የአባታችን የሃምሳ አለቃ ቤት ምን ላይ ደርሶ እንደነበር ሰፈሩ ያውቀዋል፤ አንደግመውም። ዛሬ ቤቱ ቆሟል። እሳቸውም በተሽከርካሪ ወንበራቸው በራቸው ላይ ወጥተው ፀሐይ እየሞቁ አላፊ አግዳሚውን ይመርቃሉ። አፍንጮ በር ባለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ የአበባ ጉንጉን መቀመጡ ደግ ነው፤ የዘማቹ ጣሪያ እያፈሰሰ ሲሆን ግን ያሳፍራል። ከዚህ ሐፍረት ያወጣችሁን እናንተ ናችሁ።

ከማን እንጀምር ቢባል ከአናጢው ነው። ስማቸውን እንዳንጠራ አስጠንቅቀውናልና ጋሼ ብቻ እንላቸዋለን። ጋሼ ቤቱን ሊያዩ የመጡ ዕለት ሁሉም ወደ ጣሪያው ሲያንጋጥጥ እሳቸው ተንበርክከው በካቻቢቴ የእያንዳንዱን ቋሚ እግር ወጉ። ካቻቢቴው ሳይቸገር የገባበት ሁሉ በስብሷል ማለት ነው፤ ከ28 ቋሚ 15ቱ እንዲያ ነበሩ። ምክንያቱንም ወዲያው አሳዩን፦ የውጪው መሬት በየጊዜው አፈር ሲደፋበት ከቤቱ ወለል በላይ ከፍ ብሎ ውሃውን ወደ ግድግዳው ይመልሰዋል። ስለዚህ ቆርቆሮ ከመገዛቱ በፊት በቤቱ ዙሪያ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ተቆፈረ። ቦዩ ባይቀድም ኖሮ አዲሶቹ ቋሚዎችም ከጥቂት ክረምት በኋላ ያው ይሆኑ ነበር።

ቋሚ የቀየሩት ወራጁን በድጋፍ አስይዘው፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ ሳይነቅሉ ነው፤ ሦስተኛው ከተነቀለ ግድግዳው ይሰምጣል። ልጡ ያልተላጠ ባሕር ዛፍ ለምስጥ የተጠራ ድግስ ነው ብለው እያንዳንዱን አስላጡ፣ አደረቁ፣ ወደ መሬት የሚገባውን 60 ሳንቲ ሜትር የተቃጠለ ዘይት ሁለት ጊዜ አስቀቡ፣ ጉድጓዱንም በአፈር ብቻ ሳይሆን በድንጋይ አስጠቀጠቁ። ይህን ሁሉ ያለ አንድ ሳንቲም! ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልን። ቃል ያንሰናል።

ጭቃውም የሳቸው ነው። ለአምስት ካሪዮላ አፈር አንድ ማዳበሪያ የጤፍ ጭድ አስገብተው፣ ውሃ እያስጨመሩና እያስረገጡ ሁለት ሳምንት አስቦኩት። «ይበቃል፣ እንምረግ» ያልነውን ሁሉ በዝምታ አለፉን። ያልቦካ ጭቃ ማገሩን አይዝም፤ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ በቁራጭ ይወርዳል። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ እስኪሰነጠቅ ተጠበቀ፤ ስንጥቁን የሚሞላው ሁለተኛው ነውና። ግድግዳውን በሙሉ በሲሚንቶ እንለስን ያሉ ነበሩ። ጋሼ እምቢ አሉ። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር እኩል አይሰፋም አይኮማተርም፣ እርጥበቱንም ከውስጥ ያፍነዋል፤ ላዩ አምሮ ውስጡ ይበሰብሳል። በሲሚንቶ የተሠራው ከውጪ በኩል የድንጋዩ መሠረት ብቻ ነው፤ የቀረው በጭቃና በእበት ተለቅልቋል። (ምስጋናው ወደ ግንባታ ትምህርት ዞረ አትበሉን፤ የሳቸውን ውለታ ሥራቸውን ሳይናገሩ ማመስገን አይቻልም።)

ጣሪያው 27 ቆርቆሮ ፈጀ፤ የታችኛው ረድፍ ሙሉ፣ የላይኛው ለሁለት እየተቆረጠ። መጀመሪያ የመጣልን ቆርቆሮ ከከፈልንበት ጌጅ (ውፍረት) የሳሳ እንደነበር ጋሼ ጠርዙን በጣታቸው አጥፈው አወቁት፣ ተመልሶም ተቀየረ። አሮጌው ጣሪያ ያፈስ የነበረውም ቆርቆሮው ስላረጀ ብቻ አልነበረም፤ ምስማሩ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ ስለተመታ ነው። አሁን ሁሉም ምስማር ጎማ ለብሶ በጀርባው ላይ ተመቷል።

ስለ ደፉ ሳንናገር አናልፍም። 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ ስለሚል፣ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመች 3 ሜትር መወጣጫ ተሠራ፤ ከዚያ ካጠረ ቁልቁለቱ ወንበሩን ይዞ ይሮጣል። በሩም 90 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሰፋ። ሃምሳ አለቃ ያለ ሰው እርዳታ ከቤታቸው የወጡ ቀን ኮሚቴው በሙሉ ዞር ዞር ብሎ ዓይኑን ሲጠርግ ነበር።

ዕቃ ሲወጣ የሜዳልያዎቹንና የወረቀቶቹን ኃላፊነት የወሰድሽው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ልጃችን፣ አንቺንም እግዚአብሔር ያሳድግሽ። በሎሚና በአመድ እንፈትጋቸው የሚሉትን ከልክለሽ፣ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ጠርገሽ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ በነጭ ጥጥ ጨርቅ ጠቅልለሽ አስቀምጠሻል። ያቺ በአማርኛ የተጻፈባት የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳልያ ነሐስ ናት፤ ብትፈተግ ጽሕፈቷ ይጠፋ ነበር፤ ሰማያዊና ነጭ ጥብጣቧም ውሃ ቢነካት ትለቅ ነበር። ከመስታወት ጋር የተጣበቀውን የ1945 ዓ.ም. ፎቶ ሳታላቅቂ፣ ነጸብራቁ እንዳይገባ ከጎን አንስተሽ ቅጂውን አስቀርተሻል። ኢትዮጵያ ቃኘው በተባለው ጦር ከሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ በየተራ ከላከቻቸው ከ6,000 በላይ ወታደሮች ከ120 በላይ የሚሆኑት እዚያው ወድቀዋል፤ ጠላት ግን አንድም አልማረከም። ከተመለሱት መካከል ፎቷቸው የተረፈላቸው ስንቶቹ ናቸው?

ቤቱ እስኪያልቅ ሃምሳ አለቃን የራሳቸውን መኝታ ለቀው ያስተናገዱ ጎረቤታችን እማማ፣ ምስጋናው ከሰው ሳይሆን ከላይ ይከፈልዎት። ቃኘዎች በደቡብ ኮሪያዋ ዶንግዱቾን ከተማ የጦርነቱን ወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ይረዱ እንደነበር ሃምሳ አለቃ ያጫውቱናል፤ በእርጅናቸው እርስዎ ደጅዎን ከፈቱላቸው።

ቡናና እንጀራ ያላቋረጣችሁ የእድራችን ሴቶች፣ ጭቃ የረገጣችሁ ወጣቶች፣ ከዋሽንግተን፣ ከዱባይና ከቴል አቪቭ የላካችሁ የሰፈራችን ልጆች፣ ሸራ ያዋሳችሁን የድንኳን አከራይ፣ ሁላችሁም ተባረኩ።

ስማችሁ ያልተነሳ ብዙዎች ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ሌሊት አሸዋ አውርዳችሁ ሳትነግሩን ሄዳችኋል። ይቅርታ አድርጉልን፤ የረሳነው በክፋት አይደለም።

በመጨረሻ ለጎረቤት ሁሉ አደራ፦ ቦዩ ከግንቦት ወር መጨረሻ በፊት ደለሉ ይጠረግ፣ አፈርም ወደ ግድግዳው አይደፋ። ሁለት አካፋ፣ አንድ ዶማና ባለ ዘጠኝ ደረጃ መሰላል እድር ቤት ተቀምጠዋል፤ ባለቤቶቻቸው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥታችሁ ውሰዱ። መሰላሉን ግን ጋሼ ለቀጣዩ ቤት ስለሚፈልጉት፣ ባለቤቱ ፈቃድዎ ከሆነ እዚያው ይቆይልን።

የእድሩ የቤት እድሳት ኮሚቴ