ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፦ የማሳጅ ሠልጣኝ ከመጥፎ ቤት ስትወጣ ሥልጠናዋ አይሰረዝባት

ጤና ይስጥልኝ ክቡራን።

የማሳጅ ባለሙያ ነኝ። አዲስ አበባ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ባለ ስፓ እሠራለሁ። ቤታችን በየጊዜው ከኮሌጅ ለአፓረንት፣ ማለትም ለተግባር ልምምድ፣ የሚወጡ ልጆችን ይቀበላል። አብዛኞቹ የሚመደቡት እኔ ጋ ስለሆነ ምን ይዘው እንደሚመጡ፣ ምን ሳይዙ እንደሚመለሱ አያለሁ። ኮሌጆቹን የሚቆጣጠረው የከተማው ቢሮ ነው ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ። የሙያ ደረጃው የሚወጣው ከእናንተ ቤት ነው፣ ስለዚህ ደብዳቤውም ወደ እናንተ መጣ።

ጉዳዬ አንድ ነው። የማሳጅ ሠልጣኝ የተላከችበት ቤት ደህና ቦታ እንዳልሆነ ስታውቅ ወጥታ የምትሄድበት መንገድ የላትም። በሩማ ክፍት ነው፣ ማን ከለከላት። ግን ከወጣች አቴንዳንሷ ይጎድላል፣ ሎግ ቡኳ፣ ማለትም የልምምድ መዝገቧ፣ ሳይፈረም ይቀራል፣ ኮሌጇ «አቋርጣለች» ብሎ ይመዘግባታል፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ለመመዘን የምትጠብቀው ወረቀትም እዚያው ይቆማል። ልጅቷ ይህን ታውቃለች። ስለዚህ ታግሳ ትቀመጣለች።

ብየዳ የሚማር ልጅ መጥፎ ቤት ቢደርሰው ጊዜው ይባክናል። ያሳዝናል፣ ግን ያልፋል። የእኛ ሥራ በር ተዘግቶ፣ መብራት ተቀንሶ፣ ልብሱን ካወለቀ የማይታወቅ ሰው ጋር ለብቻ የሚሠራ ነው። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ገና ትምህርት ላይ ያለችን ልጅ ስታስገቡ፣ «አልችልም» ብላ የምትወጣበትን መንገድ አብራችሁ ካልሰጣችኋት፣ ሥልጠናው ለእሷ ማስፈራሪያ ነው የሚሆነው።

እኛ ጋ ከመምጣቷ በፊት ሌላ ማሳጅ ቤት ተልካ የነበረች ልጅ አውቃለሁ። የቤቱንም የኮሌጁንም ስም እዚህ አልጠራም። በጀመረች ሰሞን አንድ ደንበኛ እጇን ይዞ ሌላ ነገር ጠየቃት። ወጥታ ለማሳጅ ቤቱ ባለቤት ነገረቻት። «ደንበኛ አታስቀይሚብኝ፣ ቀልዶ ነው» ተባለች። ጋውኗን አወለቀች፣ ቦርሳዋን ይዛ ሄደች። ኮሌጅ ሄዳ ስትናገር አስተባባሪው መጀመሪያ የጠየቃት ምን መሰላችሁ? «የመልቀቂያ ደብዳቤ ይዘሻል?» ከየት ታምጣ? የሠራችባቸው ቀናት ሁሉ ተሰርዘው እኛ ጋ ከዜሮ ጀመረች። ያ ቤት ደግሞ በሚቀጥለው ዙር ሌላ ሠልጣኝ ተላከለት። እኔን ያቃጠለኝ ይሄኛው ነው። የመጀመሪያውን ደንበኛው አጠፋ እንበል፣ ሁለተኛውን ማን አጠፋ?

ልጆቹ ይዘው የሚመጡትን ደብዳቤ አይታችሁት ታውቃላችሁ? አንድ ገጽ ነው። ተማሪያችን በድርጅታችሁ የተግባር ልምምድ እንድታደርግ ትብብራችሁን እንጠይቃለን ይላል፣ ፊርማ አለው፣ ማህተም አለው፣ አለቀ። ማን እንደሚያስተምራት የለም። እስከ ስንት ሰዓት እንደምትቆይ የለም። ብቻዋን ደንበኛ ጋ ትግባ አትግባ የለም። ችግር ቢገጥማት የምትደውልበት ስልክ እንኳ የለም። ደብዳቤው የሚሰጠው ለሪሴፕሽን ነው፣ ሪሴፕሽን ለማናጀር ያሳያል፣ ማናጀሩ «ፎጣ ክፍል ያስገቧት» ይላል። እዚያ ከገባች በኋላ ፎጣ ስታጥፍ፣ የሞሮኮ ባዝ ክፍል ስትወለውል ወሩ ያልቃል። ፎጣ ማጠፍም ሥራ ነው፣ እኔም አጥፋለሁ። ግን ለፎጣ ብላ አይደለም የተማረችው።

ሎግ ቡኩ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። አንዷ ያሳየችኝ ላይ በመጀመሪያው መስመር «የስዊድን ማሳጅ» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ በታች እስከ ገጹ መጨረሻ የመድገሚያ ምልክት ብቻ ወርዷል፣ በሁለተኛውም ገጽ፣ በሦስተኛውም። ፊርማው ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቁጭታ የተፈረመ ነው። የፈረመችው ካሸሯ ናት። ካሸሯ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ምንም አይወጣላትም፣ ግን በሕይወቷ የሰው ትከሻ አሽታ አታውቅም።

ሕጉ እኮ ባዶ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሙያ ለማጆች ውል ይናገራል፤ ውሉ የሥልጠናውን ዓይነትና ጊዜ፣ ክፍያውንና የሥራውን ሁኔታ መያዝ አለበት፣ አሠሪው ለማጁን ከሥልጠናው ጋር በማይገናኝ ሥራ ላይ ማሰማራት አይችልም። ይኸው አዋጅ ወሲባዊ ትንኮሳንና ወሲባዊ ጥቃትን በሥራ ቦታ ከልክሏል፣ ከአሠሪው ወይም ከሥራ መሪው የደረሰበት ሠራተኛም ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን አቋርጦ እንዲወጣ ፈቅዷል። ደመወዝተኛዋ መብቷ ተጠብቆ መውጣት ትችላለች፣ ያለ ክፍያ የምትማረው ግን ስትወጣ ሥልጠናዋ ይሰረዛል። ይሄ እንዴት ይሆናል? አዋጁ ከኮሌጅ ለሚላክ ሠልጣኝ አይሠራም የሚል የሕግ ሰው ካለ ደግሞ፣ እንግዲያው ለእነሱ የሚሠራውን ጻፉልን ነው የምለው።

ነገሩ የትንኮሳ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ጊዜ ከረጅም በረራ በማግሥቱ የመጣ ደንበኛ ነበር፣ እግሬን ጠበቅ አድርጋችሁ እሹልኝ አለ። አንዱ ባቱ ከሌላው አብጧል፣ ሲነካ ይሞቃል፣ ቆዳው ቀላ ብሏል። አብራኝ የነበረችው ሠልጣኝ ቀድማ አየችው፣ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ክፍል ውስጥ ተምራዋለች፦ እንዲህ ያለ እግር ውስጥ የረጋ ደም ሊኖር ይችላል፣ ስታሺው ተነቅሎ ወደ ሳንባ ቢሄድ ሰውየው ሊሞት ይችላል። አልነካነውም፣ ሐኪም ቤት ሂድ አልነው፣ ተቆጥቶ ወጣ። እኔ ስለነበርኩ ቁጣው እኔ ላይ አረፈ። ያቺ ልጅ ብቻዋን ብትሆን፣ ማናጀሩም ውጭ ቆሞ ሰዓት እያየ ቢሆን፣ «አልሠራም» የምትልበት ምን አቅም አላት? ትኩሳት ያለበትን፣ ቆዳው የቆሰለውን፣ አጥንቱ የተሰነጠቀውን «ዛሬ አይታሽም» ማለት የሙያው ግማሽ ነው። እምቢ ማለት የማትችል ልጅ ይህን ግማሽ ልትማረው አትችልም።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት ይዞታል ብዬ ጠይቄ ነበር። ወገኖቻችን በብዛት ባሉባት በሲያትል፣ ማለትም በዋሽንግተን ግዛት፣ የማሳጅ ተማሪ ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ 625 ሰዓት መማር አለበት። ከዚያ ውስጥ 50ው የተማሪዎች ክሊኒክ ነው። ከውጭ የሚመጣ ሰው ጠረጴዛው ላይ ይተኛል፣ ተማሪው ይሠራል፣ ኃላፊነት ያለው ባለሙያ ይቆጣጠራል። አሜሪካ ስለሆነ እንከን የለሽ ነው አልልም፣ እኛም ያን ያህል ሀብት የለንም። ግን ለዚህ የሚያስፈልገው ምንድነው? ሁለት አልጋ፣ መጋረጃ፣ አንሶላ፣ ዘይት፣ እና ከጎን የምትቆም አሠልጣኝ። ኮሌጁ ውስጥ ወገባቸውን የሚያማቸው መምህራንና ጥበቃዎች ሞልተዋል፣ በነጻ ይሹዋቸው። ልጅቷ ሰው ማሸት የለመደችው አስተማሪዋ ፊት ከሆነ፣ እኛ ጋ ስትመጣ ትክክለኛው ምን እንደሚመስል ታውቃለች፣ ጠማማውንም ቶሎ ትለያለች።

ደግሞ አፓረንት ማለት ስፓ ብቻ ለምን ይሆናል? የስፖርት ክለቦች አሉ። ጠዋት ጠዋት ሱሉልታና እንጦጦ የሚሮጡ አትሌቶች አሉ። ሜዳ ላይ ተጫዋች ሲወድቅ ወጌሻው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲሮጥ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ የሚያፍርበት የለም። ያው እጅ ስፓ ውስጥ ሲሠራ ነው ነገር የሚመጣው። እኛ ጋ ከመጡት ልጆች ቤተሰባቸው ምን እንደሚማሩ የማያውቅ አሉ፣ «ውበት ሳሎን ነው» ብለው ነው የሚወጡት። መጥፎ ነገር ሲደርስባቸው ቤት ገብተው ለእናታቸው የማይናገሩትም ለዚህ ነው። ኮሌጁ ካልሰማቸው የሚሰማቸው የለም።

ወንዶቹ ሠልጣኞች ሌላ ችግር አለባቸው። ወንዱም ሴቷም ደንበኛ «ሴት ትሥራኝ» ስለሚል ልጁ አንድ ጀርባ ሳይነካ ወሩ ያልቃል፣ አቴንዳንሱ ግን ሙሉ ነው። ዓይነ ስውራን ሠልጣኞችን ደግሞ ገና በር ላይ የሚመልስ ቤት አለ። ጃፓን ውስጥ ይህ ሙያ ለዘመናት የዓይነ ስውራን መተዳደሪያ ሆኖ ኖሯል፣ እኛም ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ መብት የወጣ አዋጅ ቁጥር 568/2000 አለን፣ ሠልጣኙ ግን ደብዳቤውን ይዞ ከቤት ቤት ይንከራተታል። ቀን መቁጠር ምንም እንደማያሳይ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

ስለዚህ የምጠይቀው ይሄን ነው። ያ አንድ ገጽ ደብዳቤ ቀርቶ ኮሌጁ፣ ቤቱና ሠልጣኟ ሦስቱም የሚፈርሙበት ውል ይሁን፤ ማን እንደሚያስተምራት በስም ይጻፍበት፣ ያ ሰው ደግሞ ራሱ የተመዘነ የማሳጅ ባለሙያ ይሁን። ሠልጣኟ ቦታው አያሠራኝም ብላ ስትወጣ እስከዚያ የሠራችው ይያዝላት፣ ሌላ ቦታ የማግኘቱ ኃላፊነት የኮሌጁ እንጂ የእሷ አይሁን፣ እስኪገኝ ድረስ ኮሌጁ ውስጥ ትለማመድ። መልቀቂያ አትጠየቅ። ስሞታ የቀረበበት ቤት ተጣርቶ እስኪታወቅ ሌላ ልጅ አይላክበት። ሎግ ቡኩም ቀን ሳይሆን የታሸ ሰው ይቁጠር፣ «ያልሠራሁትና ምክንያቱ» የሚል ዓምድም ይጨመርበት፤ ያን ያበጠ እግር እምቢ ያለች ልጅ እዚያ ጽፋ ነጥብ ታግኝበት።

ባለቤቶቹ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው አንቀበልም» ይሉ ይሆናል። አንዳንዶቹ ይቅሩ። ከልባቸው የሚያስተምሩትን ግን አመስግኗቸው፣ ቤታቸው በር ላይ የሚለጥፉት የምስክር ወረቀት እንኳ ስጧቸው። ሠልጣኝን አጠገብ አቁሞ መሥራት ጊዜ ይወስዳል፣ ለቲፕ የሚሠራ ሰው ጊዜው ገንዘቡ ነው።

የሎግ ቡኩን አዲስ ገጽ በእጄ ነድፌዋለሁ፣ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼም አይተው አርመውታል። መመሪያውን የሚያዘጋጀው ክፍል ከጠራን ሰኞ ሰኞ ደንበኛ ስለማይበዛ ከሰዓት በኋላ መምጣት እንችላለን።