ለጠዋት ሯጮቻችን፦ ታይት ከመግዛታችሁ በፊት

ሰላም ወንድሞች፣

ኅዳር ገባ፣ ውርጩም ጀምሯል። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናትና በቁምጣ መኩራራቱ ይብቃን።

የጥጥ ታይት አትግዙ። ጥጥ ላቡን መጥጦ ይይዝና ቆም ስትሉ ጭናችሁ ላይ ይቀዘቅዛል። ላስቲክነት ያለው ፖሊስተር ይሻላል። ገልብጣችሁ ውስጡን ዳብሱት፤ ለስላሳ ጸጉር ያለው ሙቀት ይይዛል። ስፌቱንም እዩ፤ ጠፍጣፋ ካልሆነ ረጅም ሩጫ ላይ ብሽሽት ይልጣል፣ ያመመው ያውቀዋል። እዚያው ሱቅ ቁጢጥ ብላችሁ ሞክሩት፤ ከወገብ ከወረደ ወይም ጉልበቱ ላይ ከሳሳ ተዉት።

ወደ ጣርማ በር ስንወጣ ነፋሱ ሌላ ነው፤ ከፊት ነፋስ የማያስገባ ጨርቅ ያለው ይመረጣል። ዋጋው ከከበዳችሁ በስሱ ታይት ላይ ቁምጣ ደርቡ፤ ለዓይንም ጨዋ ነው።

ቅዳሜ 12 ሰዓት ተኩል እንገናኝ።