የገላ እንክብካቤ ምክራችሁ የድሬዳዋን ፀሐይና ውኃ ይወቅልን

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቤተሰብ ገጻችሁ ላይ ገላን በቤት ውስጥ በተፈጥሮ ነገሮች ስለመንከባከብ በተከታታይ ያወጣችኋቸውን ጽሑፎች አንድም ሳይቀረኝ አንብቤአለሁ። ሐሳቡን ከልቤ እደግፈዋለሁ፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ቅባትና ሻምፑ ዋጋው አልቀመስ ባለበት ጊዜ፣ አንዲት ሴት ጓዳዋ ያፈራውን አውጥታ በሳምንት አንድ ምሽት ለራሷ ገላ ብትሰጥ የሚነቀፍ ነገር የለውም። ቅሬታዬ ምክሩ በየትኛው ፀሐይ ሥር፣ በየትኛው ውኃ እንደሚሞከር ሳይታሰብበት መጻፉ ላይ ነው። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሲሆን ለ27 ዓመታት ኬሚስትሪ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ስለዚህ የምጽፈው ከጓዳም ከጥቁር ሰሌዳም ያገኘሁትን ነው።

ከሎሚው ልጀምር። ሎሚን ከስኳር ጋር አደባልቆ አንገትንና ክንድን ማሸት ቆዳን ያፈካል የሚለው ምክር እናንተ ዘንድ ብቻ የታተመ አይደለም፤ እኔም ከዓመታት በፊት ከአንድ የጸጉር ቤት ሰምቼው አምኜበት ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሎሚ ጨምቄ በስኳር ታሸሁ፣ ለቅለቅ አልሁና ዣንጥላ እንኳ ሳልይዝ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ወደ ቀፊራ ገበያ ሄድሁ። የዚያን ዕለት ምንም አልተሰማኝም። በማግስቱ ማታ አንገቴ ይለበልበኝ ጀመር፤ በሦስተኛው ቀን ውኃ ቋጠረ። ከሁሉ የገረመኝ ግን ክንዴ ነው፤ ጭማቂው ከመዳፌ ወደ ክርኔ የወረደበት ቀጭን መስመር ሳይቀር አንድ ሰው በቀይ እስክሪብቶ ያሰመረው ይመስል ተለይቶ ወጥቶ ነበር። ያየችኝ ነርስ «እትዬ፣ ትኩስ ዘይት ነው የፈሰሰብዎት?» አለችኝ። ቁስሉ ቶሎ ቢድንም ቡናማው ጠባሳ ከገላዬ ለመልቀቅ ወራት ፈጅቶበታል፤ ለማፍካት ብዬ ያደረግሁት አጠቆረኝ ማለት ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኬሚስትሪ አስተማሪ ሆኜ ቀድሜ አለማሰቤ ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ሎሚ በተለይም ልጣጩ ፉሮኩማሪን የሚባሉ ውሁዶች አሉት፤ እነዚህ በቆዳ ላይ እያሉ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኛቸው የቆዳውን ሕዋሳት ይጎዳሉ፤ ጉዳቱም ወዲያው ሳይሆን ከአንድና ከሁለት ቀን በኋላ ስለሚታይ ሰው ከሎሚው ጋር አያያይዘውም። በነገራችን ላይ ጤና አዳምም ይኸው ጠባይ አለው፤ ለቡና ሲሆን ሞገስ ነው፣ ቀጥቅጦ በገላ ላይ ለጥፎ ፀሐይ ላይ መውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። የሐረር ወዳጆቼ «እኛ ነፋሻ አገር ነን» ብለው እንዳይዘናጉ ደግሞ አንድ ቃል ልጨምር፦ የሚያቃጥለው ሙቀቱ ሳይሆን ዓይን የማያየው ጨረር ነው፤ ጨረሩ ደግሞ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይበረታል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ግድም ስትሆን ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት።

ቤኪንግ ሶዳን በየቀኑ ፊት ላይ ስለማሸት የተጻፈውን በአጭሩ አልፈዋለሁ። ጤነኛ ቆዳ በጥቂቱ አሲዳማ ነው፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበረታል) 5 አካባቢ ይሆናል፤ ሶዳው ደግሞ ከ8 በላይ ነው። በሎሚ ወደ 2 አውርዶ በሶዳ ወደ 8 ማውጣት ለቆዳ ማመላለስ እንጂ እንክብካቤ አይደለም።

አሁን ወደ ውኃው ልምጣ፤ እናንተ ጨርሶ ያላነሳችሁት፣ እኛ ግን በየቀኑ የምንታገለው እርሱን ነውና። የድሬዳዋ ውኃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ፣ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የመጣ ጠንካራ ውኃ፣ ማለትም ካልሲየም የበዛበት ነው፤ የሻይ ማንቆርቆሪያችንን ውስጥ የሚለብሰውን ነጭ ቅርፊት ያየ ሰው ማስረጃ አይጠይቅም። ሐረርም ብትሆን የሐረማያ ሐይቅ በአንድ ወቅት ከደረቀ ወዲህ ከድሬዳዋ አቅራቢያ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች የሚሳብ ውኃ ትጠጣለች። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አንድ ሙከራ አሳያቸው ነበር፤ በአንዱ የፕላስቲክ ጠርሙስ የዝናብ ውኃ፣ በሌላው የቧንቧ ውኃ ሞልቼ በሁለቱም ላይ እኩል የተፈቀፈቀ ሳሙና ጨምሬ እንዲያናውጡት እሰጣቸዋለሁ። የዝናቡ ውኃ እስከ አፉ አረፋ ይሞላል፤ የቧንቧው ግን ጭጋግ መስሎ ይደፈርስና እንደ እርጎ ፍርፋሪ ያለ ነጭ ዝቃጭ ያወጣል። ሳሙናው ከካልሲየሙ ጋር ተጣምሮ የማይሟሟ ነገር ሆነ ማለት ነው። ያ ፍርፋሪ ነው ገላችንን ከታጠብን በኋላ የሚያሳክከን፣ ጸጉራችንንም ሣር የሚያስመስለው፤ ብዙዎቻችን ግን «ቆዳዬ ደረቅ ነው» ብለን ተጨማሪ ሳሙና እናሻለን።

ከዚያ ሙከራ ጋር የተያያዘ፣ ከጎረቤቴ የተማርሁትን ነገር ደግሞ በደንብ ልንገራችሁ። ጎረቤቴ የሶማሌ እናት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ኢዶ» ነው የሚላቸው። እኔ በየጊዜው ሻምፑ ስቀያይር እርሳቸው በዕድሜያቸው ሙሉ ፊታቸውንም ጸጉራቸውንም በቀሲል ነው የታጠቡት። ቀሲል የቁርቁራ ዘመድ የሆነው ሶማሌዎች ጎብ የሚሉት ዛፍ ቅጠል ነው፤ ቅጠሉ በጥላ ደርቆ ይፈጫል፣ ይነፋል። አንድ ቀን ከዱቄቱ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በጎድጓዳ ሳህን አድርገው ለብ ያለ ውኃ ጠብ እያደረጉ በጣታቸው ሲመቱት ቆሜ አየሁ። መጀመሪያ አረንጓዴ ጭቃ ይመስላል፤ ትንሽ ሲቆይ ዳር ዳሩን ይነፋል፤ ከዚያ እንደ እንቁላል ነጭ አረፋ ያነሣል፤ ሽታውም ዝናብ ያገኘው ድርቆሽ ነው። ያ የቧንቧ ውኃ ነበር። በእኔ ጠርሙስ ውስጥ ሳሙናን ያሸነፈው ውኃ ቀሲሉን ሊያሸንፈው አልቻለም። አረፋውን የሚያነሣው ሳፖኒን የሚባል የቅጠሉ ውሁድ ሲሆን፣ ሳሙና አይደለምና ካልሲየም እንደ ሳሙና ወደ ፍርፋሪ አይለውጠውም። ኢዶ ይህንን በማንም መጽሐፍ አላነበቡትም፤ ከእናቶቻቸው የወረሱት ነው፣ ለዚህ ውኃም የተገባ ነው። (ለእውነቱ ሲባል የፋብሪካ ሻምፑም ፍርፋሪ አያወጣም፤ ክርክሬ ከሻምፑ ጋር አይደለም።)

የተፈጨ ቀሲል ከገበያ የሚገዛ ሰው ቆንጥሮ በጣቶቹ መካከል ይሸው፤ አሸዋ ካለበት በደንብ አልተነፋምና ፊት ይቧጥጣል። ለዓይን ያቃጥላል፣ ስለዚህ ዓይን መጨፈን ነው። ከአምስት ደቂቃ በላይ ፊት ላይ ደርቆ እንዲሰነጣጠቅ መተው አይገባም። የተበጠበጠው ደግሞ አያድርም፤ በዚህ ሙቀት በማግስቱ ይኮመጥጣል። እርድ የሚጨምሩበት አሉ፤ ፎጣቸው ቢጫ መሆኑን ከፈቀዱ እኔ አልቃወማቸውም።

ቀሲል ያላገኘ ሰውም መላ አለው። ውኃን አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ነጩ ዝቃጭ ሲረጋ ከላይ ያለውን ቀድቶ ለመጨረሻው የጸጉር መለቅለቂያ ማዋል ጥንካሬውን በጥሩ ሁኔታ ይቀንሳል፤ ወይም በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨምሮ በሳሙና የታጠበ ጸጉርን በእርሱ መለቅለቅ ፍርፋሪውን ያነሣል። በክረምት ደግሞ የቆርቆሮው የመጀመሪያ ዝናብ አቧራውን ይዞ ከወረደ በኋላ ያለውን በባልዲ መቀበል ነው፤ ለጸጉር ከዚያ የሚሻል ውኃ እስካሁን አላገኘሁም።

ቅባትን በተመለከተ የጻፋችሁት መልካም ነው፤ ነገር ግን የጎደለው ሰዓቱ ነው። የሰሊጥ ዘይትም ሆነ ለጋ ቅቤ ለደረቀ ገላ ውኃ አይሰጠውም፤ ያለውን እንዳይወጣ ይዘጋበታል እንጂ። ስለዚህ ከታጠቡ በኋላ ፎጣው የላይ የላዩን ብቻ ነክቶ ገላው ገና እርጥብ እያለ መቀባት ያስፈልጋል። እኔ ከመታጠቢያ ቤቱ ሳልወጣ ሩብ ሲኒ የማትሞላ የሰሊጥ ዘይት በመዳፌ አሙቄ ከእግሬ ጀምሬ ወደ ላይ እቀባለሁ፤ ተረከዜን ግን ማታ ከተቀባሁ በኋላ ካልሲ አጠልቅለት ነበር፤ በሚያዝያ ሙቀት ካልሲ ማድረግ ቅጣት ስለሆነ አሁን ትቼዋለሁ። ይህ ሁሉ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ከተማችን ውስጥ ከቀትር በኋላ ሱቁ ተዘግቶ ስንቱ በርጫው ላይ ተደላድሎ ሰዓታት ሲያሳልፍ ማንም አይጠይቀውም፤ ሴቲቱ በሯን ዘግታ ለግማሽ ሰዓት ገላዋን ስታሽ ግን «ምን ሆና ነው የዘገየችው?» የሚል አይጠፋም።

ስለ ሂና ጽፋችሁ ስለ ጥቁሩ ሂና ዝም ማለታችሁ አሳስቦኛል። የሂና ቅጠል ከብርቱካንማ እስከ ቀይ ቡናማ ነው የሚያቀልመው፤ ቀለሙም በሰዓታት ቆይታ እንጂ በደቂቃ አይወጣም። በግማሽ ሰዓት እንደ ቀለም ቀንድ የጠቆረ ከሆነ የጸጉር ማቅለሚያ ተቀላቅሎበታል፤ ፓራፌኒሊንዳያሚን የሚባለው ይህ ኬሚካል በተሳለው አበባ ቅርጽ ልክ ቆዳን ሊያፈነዳ ይችላል፤ አንዴ ሰውነት ከተቆጣው ደግሞ ቁጣው ዕድሜ ልክ ነው፣ በኋላ ይኸው ኬሚካል ባለበት ማቅለሚያ ሽበትን ማቅለም እንኳ አይቻልም። እዚሁ ድሬዳዋ በመጋላ ሰፈር ሠርግ ቤቶች ለሕፃናት እጅ ጭምር ሲሳል አይቻለሁ።

የወይባ ጢስ መሞቅን ከወሎና ከራያ የመጡ ጎረቤቶቼ ያውቁታል፤ አጣጥሜዋለሁም፣ ገላን የሚያለሰልስ ነገር ነው። ሆኖም ግን በጽሑፋችሁ «በመታጠቢያ ቤት በሩን ዘግቶ» የሚለው ሐረግ መታረም አለበት። እንደ ልማዱ ጢሱ የሚሞቀው አየር እንደ ልብ በሚገባበት ጎጆ ወይም ጓሮ ሲሆን፣ በኮንዶሚኒየም ጠባብ ክፍል የተዘጋ ፍም ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ከጢሱ መዓዛ ሥር ተደብቆ ሰውን እንቅልፍ ያስመስልና ይወስዳል። መስኮት ይከፈት፣ ሰው አጠገብ ይኑር፣ ነፍሰ ጡር አትሞክረው፤ ራስ ምታት የጀመረው ሁሉ ወዲያው ይውጣ።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከእያንዳንዱ ቅይጥ ጋር ልኩና የሚቆይበት ጊዜ ይጻፍ፤ አዲስ ነገር በፊት ከመቀባቱ በፊት በክንድ ውስጠኛው በኩል በትንሹ ተቀብቶ አንድ ቀን ይታይ የሚል መስመር ይጨመር፤ ሎሚ ያለበት ሁሉ ማታ ብቻ፣ ጠዋትም በደንብ ታጥቦ ካልሆነ በስተቀር እንደማይሆን ይገለጽ። ስለ ቀሲል የምትጽፉ ከሆነም ከሚጠቀሙበት እናቶች ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ኢዶ ፈቃደኛ ናቸው፣ ለማስተርጐም እኔ አለሁ።

የሎሚውና የስኳሩ እርማት ግን ሌላው ሁሉ እስኪደርስ ባይጠብቅ እወዳለሁ። ግንቦት ገብቷል፤ ሠርጉ በየሰፈሩ ነው፤ የእህቴ ልጅ ሚዜ ሆና ገጻችሁን በመቀስ ቆርጣ በመስተዋቷ ላይ ለጥፋው አግኝቼ ነው ይህንን ደብዳቤ ለመጻፍ የተቀመጥሁት። ከሎሚው አንቀጽ ላይ በእስክሪብቶ ሰርዤበታለሁ፤ የሌሎቹን ልጆች መስተዋት ግን እኔ አልደርስበትም።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የኬሚስትሪ መምህርት
ከድሬዳዋ፣ ከዚራ