ስለ «ማርጂን፦ 0 አውቶ»

ይድረስ ለወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ጠፋሁብህ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ምክንያት አልደረድርልህም። የድረ ገጽህን መልክ የሚወስነውን የሲኤስኤስ ፋይልህን፣ ብዙ ነገር ባንዴ በሚወስኑ አጫጭር ትእዛዞች በግማሽ ላሳጥረው ነው ያልከኝ ግን ከሐሳቤ አልወጣም፤ ሳትጀምረው ልድረስብህ ብዬ ነው።

ሳጥኑን መሃል ለማስገባት «ማርጂን፦ 0 አውቶ» ብለሃል፤ ማርጂን በሳጥኑ ዙሪያ በውጭ የሚተወው ክፍተት ነው። የፈለግከው ግራና ቀኙን ነው፤ መስመሩ ግን ላይና ታቹንም ዜሮ አደረገው። በሌላ ክላስ (ለሳጥኑ ባወጣኸው የቅጥ ስም) የሰጠኸው የ24 ፒክሰል ክፍተት የት ገባ ስትል የነበረው እዚሁ ነው የተበላው። «ማርጂን ኢንላይን፦ አውቶ» ብትለው ኖሮ ሌላውን አይነካም ነበር።

«ባክግራውንድ»፣ የሳጥኑን ዳራ የሚወስነው፣ ይብሳል። ቀለም ብቻ ልቀይር ብለህ «ባክግራውንድ፦ ቀይ» ስትል ያልጠቀስካቸው ሁሉ፣ ምስሉ፣ መጠኑ፣ ድግግሞሹ፣ ወደ መነሻ ዋጋቸው ይመለሳሉ። ምስሉ ሲጠፋ ፋይሉ አልተጫነም ብለህ የሌለ ስህተት ስታሳድድ ትውላለህ። «ባክግራውንድ ከለር» አንድ ቃል ነው የሚያስጨምርህ። «ፎንት»ም ያው ነው፤ ላይን ሃይት (የመስመር ቁመት) ካልሰጠኸው የነበረውን ሽሮ «ኖርማል» ያደርገዋል።

አራቱንም ጎን መወሰን ስትፈልግ ግን አጭሩን ጻፍ። በሳጥኑ ጠርዝና በይዘቱ መካከል ላለው ክፍተት «ፓዲንግ፦ 8 ፒክሰል 16 ፒክሰል» ብትል ምንም ነውር የለበትም። ባለሦስት ዋጋውን ግን እኔ አልወደውም፤ ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ ታች እያለ ጣቱን የማይቆጥር የለም።

ፋይሉ ይከብዳል ላልከው፣ ክፍት ቦታውንም ኮሜንቱንም የመጨረሻዋን ሴሚኮለንም (ነጠላ ሰረዝ መሳዩዋን ምልክት) ሚኒፋየሩ፣ ኮድ የሚያሳጥረው ፕሮግራም፣ ይጠርግልሃል። ሰርቨሩ በጂዚፕ (ፋይል በሚያሳንስ ዘዴ) ሲጨምቀው ደግሞ የተደጋገመ ቃል ይህን ያህል ቦታ አይዝም።

ክላሶቹን «ቢ1»፣ «ቢ2» ማለትህን ግን ምን ልበለው! ከስድስት ወር በኋላ «ቢ2» የቱ ነበር ብለህ ስትፈልግ፣ ፊደሏና ቁጥሯ ያሉበት የቀለም ኮድ ሁሉ እየተግተለተለ ይመጣልሃል። «የዋጋ ካርድ» የሚል ስም ብትሰጠው ምን ነበረበት?

አሁን ከ«ባክግራውንድ» ጀምር፤ ቀለም ብቻ የያዙትን ፈልገህ ለውጥ፣ ከዚያ ወደ ማርጂኖቹ ሂድ። ሁሉንም ባንዴ እንዳትተካ፤ ሳይታወቅህ በዚያ ዜሮ ላይ የተደገፈ ክፍል ሊኖር ይችላል፣ አንዱን ለውጠህ ገጹን እያየህ እለፍ።

ስትጨርስ ላክልኝ። እንደ በፊቱ አላስጠብቅህም።

ወዳጅህ