የምስጋና መልእክት፦ ልብሳችሁን መልሳችሁ ላዋሳችሁን ሁሉ

የማሌይኛውን ምስጋና ለብቻው ጽፈን የስፌት ቤታችን በር ላይ ለጥፈነዋል። ይህኛው አማርኛ ለምታነቡ ነው። ይህች ቤት በጎርፍ በተጥለቀለቀችበት ሰሞን ማሌዥያ ውስጥ፣ ኩዋላ ላምፑርና ዙሪያዋ ያላችሁ ሐበሾች መጥታችሁ አብራችሁን ጭቃ ጠርጋችኋል። ከአዲስ አበባ፣ ከዱባይ፣ ከዋሽንግተን እየደወላችሁ "ምን ጎደለ?" ያላችሁኝም ብዙ ናችሁ። እናንተን በቋንቋችን ሳላመሰግን ብቀር ደስ አይለኝም። ደግሞ ብዙዎቻችሁ "ለመሆኑ የምትሰፉት ምን ዓይነት ልብስ ነው?" ብላችሁኛል። እሱንም እግረ መንገዴን ልመልስ።

ሃሪ ራያ አልፏል። በዓሉ እኛ ዒድ አልፈጥር የምንለው ነው። የመጨረሻው ልብስ ለባለቤቱ ደርሷል። አሁን ቁጭ ብሎ ለመጻፍ ጊዜ ተገኘ።

የምሠራው ኩዋላ ላምፑር አጠገብ ባለችው ሻህ አላም ከተማ ውስጥ ባለች አነስተኛ የስፌት ቤት ነው። ባለቤቷ የማሌይን የባህል ልብስ ለዛሬ ሰው እንዲመች አድርገው ሲሠሩ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ዲዛይነር ናቸው። ሁላችንም "ካክ" ነው የምንላቸው፤ እንደ እኛ እትዬ ማለት ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። "ምስጋናው ለደረሱልን ሰዎች ይሁን፣ እኔን ተይኝ" አሉኝ። እሺ ብያለሁ። ስለ ሥራቸው ግን ዝም አልልም።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 18 ቀን 2021 ቅዳሜ ነበር። ዝናቡ ከዋዜማው ጀምሮ አላባራም። የመንግሥት ኃላፊዎች በኋላ እንደተናገሩት፣ ኩዋላ ላምፑር ላይ በአንድ ቀን የወረደው ዝናብ ከአንድ ወር አማካይ በላይ ነበር። ሻህ አላም ውስጥ ታማን ስሪ ሙዳ የሚባለው ሰፈር ከሁሉም ክፉኛ ተመታ። ሰዎች ጣሪያ ላይ አደሩ። የእኛም ቤት ምድር ቤት ስለሆነ ውኃው አልማረንም። የስፌት መኪኖቹ፣ የጨርቅ ጠርዝ እንዳይተረተር የሚሰፋው ኦቨርሎክ፣ የጨርቅ መደርደሪያው፣ ሁሉም ውኃ ውስጥ ገባ።

የሚያሳዝነው ደግሞ ያ ሳምንት ለእኛ የደስታ ሳምንት ነበር። ሶንግኬት የሚባለው የማሌዥያ የእጅ ሽመና በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ የገባው በዚያው ሳምንት ነው። ካክ ዜናውን ሲሰሙ ትሬንጋኑ በሚባለው ክልል ላሉት ሸማኔዎቻቸው ደውለው እንኳን ደስ ያላችሁ ብለው ነበር። ከዚያ ገና ሳንረጋጋ ጥቅል ሶንግኬቶቻችንን ከጭቃ ውስጥ እያወጣን ነበር።

መጀመሪያ የማመሰግነው የራሳቸውን ጀልባ ይዘው የመጡትን ነው። ማንም አላዘዛቸውም። ካክንና አሮጊት እናታቸውን ከፎቅ መስኮት ተቀብለው ያወጡት ከዚያ በፊት አይተናቸው የማናውቅ ወጣቶች ናቸው። ጉርድዋራ በሚባለው የጸሎት ቤታቸው ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ምግብ ሲያበስሉ ያደሩትን ሲኮችም አመሰግናለሁ። ትኩሱን ሩዝና ምስር ስንቀበል ማን እንደሆንን አልጠየቁንም። ውኃው ሲጎድል ደግሞ አካፋና መጥረጊያ ይዛችሁ የመጣችሁ ሐበሻ ተማሪዎች አላችሁ። ፈተና ላይ ነበራችሁ፣ አውቃለሁ። ጀበናውን ይዛችሁ መጥታችሁ፣ ያ ግድግዳው የረጠበ ቤት ውስጥ ቡና አፈላችሁ። ካክ ዛሬም ያወሩታል።

መኪና ይጠገናል። ጨርቅም ይገዛል። ጨርቅ የሚቆረጥባቸው የወረቀት ልኮች፣ ፓተርኖቹ፣ ግን ሌላ ነገር ናቸው። ካክ ለዓመታት እየሳሉ፣ እየቆረጡ፣ እያረሙ ያስቀመጧቸው ፓተርኖች በሙሉ ሊጥ ሆነው ነው ያገኘናቸው። ልብሳቸውን ከሌላው ሰው ሥራ የሚለየው እዚያ ወረቀት ላይ ነበር። ካክ ያን ቀን አላለቀሱም። "እጄ ያስታውሳል" ብቻ ነው ያሉት። ግን ሁሉንም እንደማያስታውስ እሳቸውም እኛም እናውቅ ነበር።

አንዲት የቆየች ደንበኛ ናት ዘዴውን ያመጣችው። "የሰፋችሁልኝ ልብስ እኔ ጋ አለ አይደል? ውሰዱትና ከሱ ላይ ለኩ" አለች። መልእክቷ በዋትስአፕ ዞረ። በሳምንቱ ልብስ መምጣት ጀመረ። ከጆሆር መጣ፣ ከፔናንግ መጣ፣ ባሕር ተሻግሮ ከሳባ መጣ። የተጣጠፈ፣ የተተኮሰ፣ ማስታወሻ የተለጠፈበት። አንዳንዱ ከኔ የሥራ ዕድሜ ይበልጣል። የካክን ሥራ ከጥንት እስከ ዛሬ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ያየሁት ያኔ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ልብሱ ልንገራችሁ። ባጁ ኩሩንግ ይባላል። ከጉልበት ዝቅ የሚል ሰፊ ከላይ የሚለበስ ልብስ ነው፤ ከሥሩ ረጅም ጉርድ አለው። የትምህርት ቤት ልጃገረዶች ዩኒፎርም ነው። አስተማሪዎች ይለብሱታል፣ ቢሮ ይለበሳል፣ ሙሽራም ትለብሰዋለች። ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች የ19ኛውን መቶ ዘመን የጆሆር ሱልጣን አቡ በከርን ያነሳሉ። ቴሉክ ብላንጋ የሚባለው ክብ አንገት ከሳቸው ዘመን ጋር ይያያዛል። የቅዱ ነገር ነው እኔን የሚገርመኝ። ፊትና ኋላው ትከሻ ላይ ስፌት የለውም፣ አንድ ወጥ ጨርቅ ነው። በሁለቱም ጎን ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ቁራጭ ይገባል፤ ፔሳክ ይባላል። ብብት ሥር ደግሞ ኬኬክ የሚሉት ትንሽ አራት ማዕዘን ጨርቅ አለ። እጅ ሲነሳ ልብሱ አብሮ እንዳይነሳ የሚያደርገው እሱ ነው። ቆረጣው ቀጥታ በቀጥታ ስለሆነ የሚጣል ጨርቅ የለም ማለት ይቻላል።

ዘመናዊ የሚባለው ኩሩንግ ሲመጣ ብዙ ሰፊዎች ፔሳኩንም ኬኬኩንም አወጧቸው። ወገቡን አጥብበው፣ ከኋላ ዚፕ አድርገው፣ እንደ ማንኛውም ቀሚስ ሰፉት። ቶሎ ይደርሳል፣ ያምራልም። የሚለብሱትን አልነቅፍም። ግን ካክ በዚህ አይስማሙም፣ እኔም ከሳቸው ተምሬ አልስማማም። አጥንቱን አውጥቶ ስሙን ማስቀረት ማዘመን አይደለም።

እሳቸው ምን እንዳደረጉ ከመጡት ልብሶች አየነው። ከሁሉም የቆየው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሰፋ የጥጥ ኩሩንግ ነው። ካክ ያኔ ከኮታ ባሩ ከተማ ገና መጥተው፣ ጃላን ቱዋንኩ አብዱል ራህማን በሚባለው የኩዋላ ላምፑር ጎዳና ላይ ከአንድ ጨርቅ ቤት ጓዳ ውስጥ ይሰፉ ነበር። የልብሱ ባለቤት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ስናየው እጅጌው ጠበብ ብሏል፣ ኬኬኩ ግን ከተለመደው ሰፋ ያለ ነው። ምክንያቱን ስንጠይቅ "ሰሌዳ ላይ እጄን አንስቼ ስጽፍ እንዳይዘኝ ብላ ነው" አሉን።

ሌላው የባንክ ሠራተኛ ልብስ ነው። ፔሳኩ ስፌት ውስጥ ኪስ አለው። ከውጭ ፈጽሞ አይታይም። ኪስ ያለው ኩሩንግ ዛሬ በየሱቁ አለ፤ ያኔ ግን ብርቅ ነበር። ጉርዱም እንዲሁ ነው። በጎን በኩል የሚታጠፈውን ሽንሽን በየጠዋቱ ማስተካከል ጊዜ ይፈጃል። ካክ ሽንሽኑን ሰፍተው ወገቡን ላስቲክ አደረጉት። ለሥራ የምትሮጥ ሴት በደቂቃ ውስጥ ለብሳው ትወጣለች። የምታጠባ እናት ልብስም መጣ፤ ክባሩንግ ይባላል። ክባያ እንደሚባለው ሌላ የሴቶች ልብስ ከፊት ይከፈታል፣ ጎኑ ግን የኩሩንግ ነው። ካክ መክፈቻውን ልጅ ለማጥባት በሚመች መንገድ ደብቀው ሠርተውታል። ፔፕለም የሚሉት፣ ወገብ ላይ የተሸበሸበ ቁራጭ የሚጨመርበት ፋሽን ሰሞን የተሰፉም መጥተው ነበር። እነሱን ካክ ራሳቸው ብዙም አይወዷቸውም፣ ቶሎ ለክተን መለስናቸው።

ስለ ማሌይ ልብስ መዘመን ሲወራ የታወቁት ዲዛይነሮች፣ የነ ሪዛልማን ኢብራሂምና የበርናርድ ቻንድራን ስም ይነሳል። ይገባቸዋል። በርናርድ ቻንድራን ማሌዥያዊ ይሁን እንጂ የማሌይ ብሔር ተወላጅ እንኳ አይደለም። ይህ ለእንደኔ ዓይነቷ መጤ ትልቅ ብርታት ነው። ግን በየሰፈሩ ስማቸው የማይነሳ እንደ ካክ ያሉ ሴቶችም አሉ። ሚሊዮኖች በየቀኑ ለሥራና ለትምህርት የሚለብሱትን ልብስ እዚህ ያደረሱት በብዛት እነሱ ናቸው። ይህን በአደባባይ መናገር ስለፈለግሁ ነው ደብዳቤው የረዘመው።

አሁን ስለ አንዲት ሙሽራ ልናገር። የአያቷን ሶንግኬት ለሠርጓ ኩሩንግ አድርገን እንድንሰፋላት ከጎርፉ በፊት ሰጥታን ነበር። ጥለት ሲሸመን ያየ ሐበሻ ሶንግኬትን ቶሎ ይረዳዋል። ድሩ ላይ ከተራው ማግ ሌላ የወርቅ ክር እየተጨመረ ነው አበባው የሚወጣው። አንዱን ለመጨረስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ሶንግኬት አይታጠብም። ታጥፎም አይቀመጥም፣ ይጠቀለላል። የአያትየው ሶንግኬት ከመሳቢያው ሲወጣ አንዱ ዳር በጭቃ ተበክሎ ነበር።

በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ አለቀለቅነው። ሳንጨምቅ፣ በነጭ ጥጥ ጨርቅ ጠቅልለን፣ ጥላ ውስጥ አደረቅነው። አብዛኛው ዳነ። ዳሩ ግን አልለቀቀም። ካክ ደጋግመው አዩት፣ ከዚያ መቀሱን አነሱ። የተበላሸውን ቆርጠው አወጡና ሁለቱን ፔሳክ ከሌላ አዲስ ሐር ሠሩት። ያ አሮጌ ቅድ ከተለያየ ቁራጭ የሚገጣጠም ባይሆን ኖሮ ይህ አይታሰብም ነበር። ሙሽራዋ ስትለካው አለቀሰች፣ እናቷም አለቀሱ፣ እኛም። ልጄ፣ በኛ እጅ የተጎዳውን የአያትሽን ልብስ መልሰሽ በኛው እጅ ስላመንሽ አመሰግንሻለሁ። አማርኛ እንደማታነቢ አውቃለሁ፤ በማሌይኛውም ብዬሻለሁ።

ሐሩ የመጣው ትሬንጋኑ ካሉ አንዲት ማክቺክ ነው፤ እንደ እኛ አክስቴ ማለት ነው። ሸማኔ ናቸው። ገንዘብ የለንም ስንላቸው "ከራያ በኋላ ትሰጡኛላችሁ" ብለው ላኩት። በወረርሽኙ ጊዜ እሳቸው ራሳቸው ሥራ አጥተው ነበር። ማክቺክ፣ እጅዎ ይባረክ። የላኩት ጨርቅ ብቻ አይደለም፣ ልብም ጭምር ነው።

ከዚያ ሩጫው መጣ። ያለፉት ሁለት ራያዎች በኮቪድ ምክንያት ሰው ከክልል ክልል መሄድ ተከልክሎ ነበር። ዘንድሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2022፣ ሁሉም ቤተሰቡ ዘንድ ሊሄድ ተነሳ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ደግሞ አንድ ዓይነት ቀለም ለብሶ ፎቶ መነሳት ፈለገ። ሥራው ጎረፈልን። የተዋስናቸው ልብሶች፣ የተዋስናቸው መኪኖች፣ አዲስ የተሳሉ ፓተርኖች። ረመዳን ኤፕሪል 3 ሲገባ እኔ ዐቢይ ጾም ላይ ነበርኩ። እነሱ ቀኑን ጾመው ማታ ሲያፈጥሩ፣ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ሳህን ለብቻው ተሠርቶ ይጠብቀኝ ነበር። የካክ እናት ናቸው የሚሠሩልኝ። ፋሲካዬ ኤፕሪል 24 ሲደርስ ደግሞ ሥራ አቁመው "ሂጂ፣ አክብሪ" አሉኝ። በዚያ ውጥረት ውስጥ! ይህን እንዴት እረሳለሁ?

በዓሉ ሜይ 3 ይሆናል ብሎ ነበር ሁሉም የጠበቀው። ሜይ 1 እሑድ ማታ ጨረቃ ታየችና ራያ በነጋታው ሰኞ እንደሆነ በቴሌቪዥን ተነገረ። ያልተሰፋ ቁልፍ፣ ያልተዘመዘመ ጉርድ ገና ጠረጴዛው ላይ ነው። አገር ምድሩ ደነገጠ። በዚያች ሌሊት መንገዱን አቋርጠው መጥተው የዘመዘሙልን የሰፈሩ ልብስ ሰፊዎች፣ የራሳቸውን ቤት በዓል ትተው ነው የመጡት። ተፎካካሪዎቻችን ናቸው እኮ! በሞተር ሳይክል እየተሯሯጡ ሌሊቱን ሁሉ ያደረሱልን ልጆችም እንዲሁ። ሁሉም ልብስ ከጠዋቱ ሶላት በፊት ደረሰ።

ወደ እናንተ ልመለስ። የስፌት መኪና መግዣ ከየአቅማችሁ ያዋጣችሁ ወዳጆቼ፣ በገንዘቡ የገዛናት ኦቨርሎክ ዛሬም እየሠራች ነው። ታላቅ እህቴ፣ በየማታው እየደወልሽ "በልተሻል?" ስላልሽኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እማዬ፣ መርፌ መያዝ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ ካክ ደግሞ "እናትሽን አመስግኚልኝ" ብለውሻል።

ልብሳችሁ ገና እኛ ዘንድ ያለ ደንበኞች፣ ለክተን ጨርሰናል። በተራ እየተኮስን እየመለስን ነው። የላላ ቁልፍ ወይም የተተረተረ ስፌት ያገኘንባቸውን ጠግነናቸዋል፣ ክፍያ የለውም። አዲሶቹ ፓተርኖች በዚህ ጊዜ ፎቅ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፎቶአቸውም ተነስቶ ሦስት ሰው ዘንድ አለ። ትእዛዝ መቀበልም ጀምረናል።

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ።

ከሻህ አላም፣ ሜይ 2022