ቅኝት የሳተው ዘፋኙ ሳይሆን የሸክላው ቀዳዳ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እሁድ ስለ ድሮዎቹ ባለ 45 ዙር የሙዚቃ ሸክላዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ዋጋቸው የተባለው ይሁን። አንዷን ዓረፍተ ነገር ግን ማለፍ አቃተኝ፦ «የዘመኑ ድምፃውያን አንዳንዴ ከቅኝት ስለሚወጡ ድምፃቸው ይዋልላል» ትላለች። ስህተት ነው። ያውም ከተወቀሱት ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት ስለሌሉ መልስ መስጠት አይችሉም።

የሸክላ ቀዳዳ ልክ መሃሉ ላይ ካልዋለ ሸክላው ሲዞር ወደ ጎን ይወዛወዛል። ድምፁ የተቀረጸበት መስመር ከመርፌው ስር አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት ብሎ ያልፋል። ድምፁም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ቀዳዳው ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ቢስት፣ መርፌው ወደ መሃል ተጠግቶ ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ቅኝቱ ከመቶ 1 እጅ ያህል ወዲህ ወዲያ ይላል። ለፈጣን ዘፈን ምናልባት አይታወቅ ይሆናል። ትዝታን ግን ይገድለዋል። ዘፋኙ አንዷን ድምፅ ይዞ ሲቆይ እሷው ከስሩ ትንሸራተታለች።

ጋዜጠኛዋ ሰዓት ይዛ ብታዳምጥ ይበቃት ነበር። በደቂቃ 45 ዙር ማለት በ4 ሰከንድ 3 ዙር ነው። መዋለሉ በየ4 ሰከንዱ 3 ጊዜ ከተመላለሰ ዘፋኙን ተዉት፤ ሰው እንዲህ በሰዓት ተለክቶ ቅኝት አይስትም። ፒያኖውንም ትስማ። በብዙዎቹ ላይ የምንሰማው የግርማ በየነ ፒያኖ ነው። ፒያኖ በዘፈን መሃል ቅኝቱን አይለውጥም። እሱም ከዘፋኙ እኩል ሲዋልል ከሰማችሁ ማን ላይ ነው የምትፈርዱት?

አገር ውስጥ ሸክላ የሚታተምበት ፋብሪካ አልነበረም። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ በተሰጠበት ዘመን፣ በ1969 እ.ኤ.አ. ደፍሮ የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ። ዘፈኑ የተቀዳበት ክር ወደ ሕንድ፣ በኋላም ወደ ሊባኖስ እየተላከ ሸክላው እዚያ ይታተም ነበር። ዘፋኙ አዲስ አበባ ዘፍኖ ቤቱ ገብቷል። ቀዳዳው የተበሳው ባሕር ማዶ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። አጎቴ ፒያሳ ሙዚቃ ቤት ነበረው፤ ከትምህርት ቤት ስመጣ እሱ ጋ ነበር የምውለው። ደንበኛ «ይሄ ሰውዬ ጠጥቶ ነው እንዴ የዘፈነው?» እያለ ሸክላ ይመልሳል። አጎቴ አይከራከርም። ሸክላውን ያስቀምጥና «ክንዱን እየው» ይላል። መርፌ የያዘው ክንድ ግራ ቀኝ ሲል ደንበኛው ራሱ ያየዋል። ሌላ ይቀየርለታል። ያኔ ይህን የማያውቅ ሻጭ አልነበረም። ጽሑፋችሁ ግን ሦስት የውጭ ሰብሳቢዎችን ሲያናግር ከነዚያ ሱቆች አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀም።

ጉዳዩ ያለፈም አይደለም። አምና እህቴ ከዋሽንግተን እንደ አዲስ የታተመ አንድ ሸክላ ላከችልኝ። ስንት ዶላር እንዳወጣችበት ልትነግረኝ አልፈለገችም። ገና ሳስቀምጠው ክንዱ መወዛወዝ ጀመረ። ለአሳታሚው ጻፍኩ። «የድሮው ቅጂም እንዲሁ ነው» የሚል መልስ መጣ። የድሮው እኔ ዘንድ አለ! የአጎቴ ነው። ተቧጭሯል፣ ይንጫጫል፣ ግን ቅኝቱ ንቅንቅ አይልም። ድጋሚ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። እነዚህ ሰዎች የራሳቸውን ጥፋት በዘፋኞቻችን ሲያላክኩ ያመኛል። የእናንተ ጽሑፍ ደግሞ ሽፋን ሰጣቸው።

ከዋናው ክር በቀጥታ ተቀድተው በሲዲ የወጡትንም ስሙ። ያው ዘፋኝ፣ ያው ቀን የተቀዳ ድምፅ ነው። አይዋልልም።

ማረሚያ እንድታወጡ እጠይቃለሁ፤ ጽሑፉ በወጣበት ገጽ ላይ። ጋዜጠኛዋ ካላመነች ሁለቱንም ሸክላዎች ከነማጫወቻው ተሸክሜ ቢሯችሁ ድረስ እመጣለሁ። ቀኑን ብቻ ንገሩኝ።

የሙዚቃ ቤት ልጅ፣ ከአዲስ አበባ