በአዎንታዊ ሥነ ልቦና ኮርስ አሰጣጥ ላይ የቀረበ የቅሬታ ደብዳቤ

ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
ድሬዳዋ

ለኮሌጁ የተከታታይ ትምህርት ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ «አዎንታዊ ሥነ ልቦና እና የሰው ልጅ ጥንካሬዎች» በተሰኘው ኮርስ ላይ ቅሬታ ስለማቅረብ

በከተማችን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ሆኜ እሠራለሁ። መዝገቤ በልጆች ጉድለት የተሞላ ነው፦ የቀረ፣ የተደባደበ፣ የወደቀ። የአዎንታዊ ሥነ ልቦና መሥራች የሚባለው ማርቲን ሰሊግማን እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ፕሬዝዳንት በነበረበት ጊዜ፣ ሙያው የሰውን ሕመም እንጂ ጥንካሬውን በወጉ እንዳላጠና መናገሩን ሳነብ የራሴ መዝገብ ነው ትዝ ያለኝ። ከደመወዜ ቆጥቤ በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብራችሁ የተመዘገብኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ትምህርቱ የሚሰጠው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ድሬዳዋ በሙሉ ጥላ ፈልጎ በሚያርፍበት በዚያ ሰዓት፣ ማራገቢያው በማይሠራ ክፍል ውስጥ አርባ ሰዎች ተጨናንቀን እንቀመጣለን። ስለ ሙቀቱ አላማርርም፤ ለምደነዋል። ቅሬታዬ በተማርነው ነገር ላይ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት የታደለን ማስታወሻ፣ ሰው እንዲያብብ ለአንድ አሉታዊ ስሜት ከሞላ ጎደል ሦስት አዎንታዊ ስሜት ያስፈልገዋል ይላል። ቁጥሩንም 2.9013 ብሎ ጽፎታል። ይህ ቁጥር ባርባራ ፍሬድሪክሰን እና ማርሻል ሎሳዳ እ.ኤ.አ. በ2005 ካሳተሙት ጽሑፍ የመጣ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ኒኮላስ ብራውን፣ አለን ሶካል እና ሃሪስ ፍሪድማን፣ የፈሳሽን እንቅስቃሴ ለማጥናት የተሠራ ቀመር ያለ አንዳች በቂ ምክንያት በሰው ስሜት ላይ መጫኑን አሳይተዋል። ጽሑፉን ያወጣው መጽሔትም የሒሳቡ ክፍል መሰረዙን አስታውቋል። እናንተ ግን እስከ ዛሬ እንደ ሕግ ታስተምሩታላችሁ፤ ለፈተናም እንድናጠናው ታዛችኋል።

ብራውን ያን ጊዜ ፕሮፌሰር አልነበረም። በጉልምስናው፣ ከሥራው ጎን ለጎን፣ በእንግሊዝ አገር ይህንኑ ትምህርት የሚማር ተማሪ ነበር። እጁን አውጥቶ ስለጠየቀ ሳይንሱ ታረመ። እኔም ይህንኑ አንስቼ እጄን ሳወጣ ከአሰልጣኙ ያገኘሁት መልስ «አንተ ደግሞ ሁልጊዜ አሉታዊ ነህ» የሚል ነበር። ክፍሉ ሳቀ። አቤቱታ ለመጻፍ የወሰንኩት ግን ያን ቀን አይደለም።

በአምስተኛው ሳምንት እያንዳንዳችን 600 ብር ከፍለን የባሕርይ ጥንካሬ መጠይቅ ሞላን። መጠይቁ ክሪስቶፈር ፒተርሰን እና ሰሊግማን እ.ኤ.አ. በ2004 በስድስት የበጎ ምግባር ዘርፎች ሥር በዘረዘሯቸው 24 ጥንካሬዎች ላይ የተመሠረተ ነው። በኢንተርኔት ማንም ሰው ያለ ክፍያ ይሞላዋል። ገንዘቡ ለምን እንደተጠየቀ እስካሁን የነገረን የለም።

አሰልጣኙ ውጤቱን ለየራሳችን በመስጠት ፈንታ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። አጠገቤ ከምትቀመጠው ነርስ ሲደርስ «ተስፋ፣ ሃያ አራተኛ። ድክመትሽ ይኸው ነው!» አላት። ነርሷ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ እናቷን የወሰደባት ልጅ ናት፤ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ይህንኑ በዝግታ ስትነግረው «ያለፈውን ትተሽ በጎ በጎውን አስቢ» ብሎ ወደሚቀጥለው ስም አለፈ። ወረቀቱን አራት አጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። እስከ ክፍለ ጊዜው መጨረሻ ቃል አልተነፈሰችም። ይህን የምጽፈው ፈቃዷን ጠይቄ ነው።

መጠይቁ የአንድን ሰው ጥንካሬዎች እርስ በርሳቸው በቅደም ተከተል ያስቀምጣል እንጂ በመጨረሻ የመጣውን ድክመት ነው አይልም። ሰሊግማንም ቢሆን ወደዚህ ዘርፍ የመጣው መከራ የደረሰበት ፍጡር እንዴት ተስፋ እንደሚቆርጥ ለዓመታት ካጠና በኋላ ነው። በዘርፉ ስም ሐዘንተኛን ዝም ማሰኘት ምን ዓይነት ማስተማር ነው? ሌሊቱን በሽተኛ ስታስታምም አድራ ቅዳሜ በሰዓቷ ክፍል የምትገባን ሴት ተስፋ የላትም የሚል ሰው፣ ሴትዮዋን አላያትም።

በኮርሱ ዝርዝር ላይ ለምርምር ዘዴና በዘርፉ ላይ ለተነሡ ትችቶች 12 ሰዓት ተመድቧል። አንዱም አልተሰጠም። ሰዓቱን የሞላው አነቃቂ ንግግርና ጭብጨባ ነው።

ስለዚህ የመጠይቁ 600 ብር ለሁላችንም እንዲመለስ፣ የሦስተኛው ሳምንት ማስታወሻ ታርሞ እንደገና እንዲታደልና ያልተሰጠው 12 ሰዓት በቀሪዎቹ አራት ሳምንታት ውስጥ ጉዳዩን በሚያውቅ መምህር እንዲሸፈን እጠይቃለሁ። ነርሷ ውጤቷ የተነበበው በአርባ ሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታውም በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰው ፊት ሊጠየቅ ይገባል። ከሁሉ አስቀድሞ እንዲፈጸም የምፈልገው ይህንን ነው።

ምላሽዎን እስከ ኅዳር 27 ቀን በጽሑፍ እንዲሰጡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የክፍያ ደረሰኜንና የማስታወሻውን ቅጂ አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የኮርሱ ተማሪ

ግልባጭ፦ ለኮሌጁ አካዳሚክ ምክትል ዲን